ሁለት ስም የነበረው የዝንጀሮ ልጅ

ትንሹ ዝንጀሮ የለም። ለምን እንደሌለ ልንገራችሁ፤ ዝም ብላችሁ ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ ዝንጀሮ እንደ ሰው ይናገር በነበረ ጊዜ፣ አንድ ገደል ላይ አያት፣ አባትና ልጅ ይኖሩ ነበር። አያትየው ግትር ነበር። አባትየው ከእሱ የባሰ ግትር ነበር። ልጁ ታዛዥ ነበር።

አያትየው ልጁን «ጉድፍ» ይለዋል። አባትየው «ሸጋው» ይለዋል።

«አባባ፣ ልጄን አይስደቡብኝ» አለ አባትየው።

«ስድብ አይደለም፤ መደበቂያ ነው» አለ ሽማግሌው። «ወርቄ ያልኩትን ነብር ወሰደው። ዕንቁዬ ያልኩትን ወሰደው። ጨረቃዬ ያልኩትን ወሰደው። አንተን ኩስ አልኩህ፤ ይኸው ጢም አወጣህ።»

«ጢም ባወጣም ገደሉ ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ደግሞ ነብር የሚበላው ሥጋ ነው እንጂ ስም ነው እንዴ?»

«እንደ እኔ ሦስት ልጅ አጥተህ ና፤ ያን ጊዜ ታስተምረኛለህ።»

በማግስቱም ይኸው። በሳልስቱም ይኸው። ሰሚው ሰለቸ።

ልጁ «ሸጋው» ሲባል አቤት ካለ አያቱ አፉን ይይዘዋል። «ዝም በል፣ ነብር ይሰማል።»

«ጉድፍ» ሲባል አቤት ካለ አባቱ ጆሮውን ይቆነጥጠዋል። «ለስድብ አቤት አይባልም።»

ልጁ ምን ያድርግ? አንዱ ሲጠራው መጀመሪያ የሌላውን ፊት ማየት ለመደ።

አንድ ቀን ልጁ ሜዳው ላይ ሣር ሲነቅል ነብር ከቁጥቋጦ ወጣ። ሁለቱ ከገደሉ አፋፍ ሆነው አዩ።

«ጉድፍ፣ ና!» አለ አያትየው።

«ሸጋው፣ ና!» አለ አባትየው።

ልጁ ሜዳው መሃል ቆመ። ነብሩ አልቆመም።

ማታ ምን ሲሉ የተገኙ ይመስላችኋል?

«አንተ ስሙን አሳምረህ አስበላኸው።»

«እርስዎ አዋርደው አስበሉት።»

ጎረቤታቸው ሽኮኮ ከድንጋይዋ ሥር ወጣች።

«አሁንም ስለ ስም?» አለች። «ከሁለታችሁ አንዱ ‹ልጄ፣ ና› ቢለው ምን ነበረበት? በቃል የሚጣላ ቤት ልጁን የሚጠራበት ቃል ያጣል።»



ተረቴን አትመልሱልኝ፤ ዳቦውንም አልፈልግም። ልጁን ብቻ አስታውሱ። የዚያን ቀን በመጨረሻ ያደረገው ይህን ነው፤ አያቱን አየ፣ አባቱን አየ፣ አንዳቸውም እንዳይቆጡ ብሎ ዝም አለ።