ስም የሌለው መብራት

አንድ ይርዳው የሚባል ባለ ቆጣሪ ነበር፤ የበደለኝም እሱ ነው። በእኛ ሰፈር፣ በቆላው ከተማ ጠርዝ ላይ፣ አሥራ አንድ ቤት መብራት የሚያገኘው ከእሱ ቆጣሪ በተሳበ ሽቦ ነበር። ቆጣሪው የተሰቀለው በእሱ ግድግዳ ላይ ነውና ሰዉ ጠዋት ለእግዜር ከመስገዱ በፊት ለይርዳው ይሰግዳል። የሳቀለትን ያበራለታል፤ ያኮረፈውን ያጨልመዋል።

እኔ ሳልወድ መሳቅ አላውቅበትም። አንድ እሑድ እድር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ፀሐይም የምትወጣው በአቶ ይርዳው ፈቃድ ነው እንዴ?" አልኩት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ቤቴ ስደርስ ሽቦዬ ተቆርጦ ጠበቀኝ።

ይህ ለሌላው ሰው ጨለማ ነው፤ ለእኔ ግን ሞት ነው። ስኳር በሽታ አለብኝ። በየቀኑ የምወጋው መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ካልተቀመጠ በእኛ አገር ሙቀት ይበላሻል። "ሂጂና ይቅርታ ጠይቂው" አሉኝ። እሱን ይቅርታ ከምጠይቅ የጆሮ ወርቄን ብሸጥ ይሻለኛል አልኩ፤ ሸጥኩትም። ሶላር ገዝቼ ጣራዬ ላይ አሰቀልኩ። ፍሪጄ እንደገና ማጉረምረም ጀመረ፤ እኔም ቀና ብዬ በይርዳው በር ማለፍ ጀመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ የሚጠግነው አልመጣም። ይርዳው ቆጣሪውን ታቅፎ ቀረ። ሰዉ ስልኩንና ባትሪውን ይዞ ወደ እኔ ጎረፈ። እኔስ ምን አደረግሁ? በራፌ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ሽቦዬ ሲቆረጥ ማን እንዳዘነልኝ፣ ማን ዝም እንዳለ እያስታወስኩ ሰው እመርጥ ጀመር። የይርዳው ሚስት ስትመጣ፣ "ባልሽ ቆጣሪ አለው አይደል? እሱ ላይ ሰኪው" ብዬ መለስኳት።

አብሮ አደጌ ወርቅያንጥፉ ይህን ቆማ ታይ ነበር።

"ይርዳው ሆይ፣ እንደምን ዋልክ?" አለችኝ።

"ማንን ነው?"

"አንቺን ነዋ። ወንበሩ ተቀየረ እንጂ ሰውየው ያው ነው።"

"እኔ የማንንም ሽቦ አልቆረጥኩም።"

"ሽቦ ከሌለው ሰው ላይ ምን ትቆርጫለሽ? ይልቅ ንገሪኝ፤ ልጆች ሳለን ቤታችን እሳት ሲጠፋ የት ሄደን እንጭር ነበር?"

"የተገኘበት ቤት ነዋ።"

"የእሳት ጌታ የሚባል ሰው ነበረ?"

"አልነበረም።"

"ያልነበረው በየቤቱ ረመጥ ስለነበረ ነው። ዛሬ የሰጠ ነገ ይጭራል። አሁን ግን እሳት ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ያንቺ የጠፋ ቀን ከማን ልትጭሪ ነው?"

  ክብር መስሎኝ የተቀመጥኩበት ወንበር ቆረቆረኝ፤ አንስቼ ቤት አስገባሁት።

በማግስቱ ሰፈሩን ሰብስበን እቁብ ጣልን። ዕጣ የደረሰው ሰው በብሩ ፋንታ ሶላር ይወስዳል። ዓመቱ ሲሞላ ሶላር የሌለው ጣራ አልነበረም፤ ይርዳውም ሳይወድ በግዱ ገብቶ የመጨረሻው ዕጣ ደረሰው። የሶላር ባለሙያ አስመጥተን ቤቶቻችንን ሁሉ በሽቦ አያያዛቸው፤ የተረፈው ላነሰው እንዲያልፍ። የመንግሥት ትልቁ መስመር በመጨረሻ ሲጠገን አላባረርነውም። እንደ አንድ ጎረቤት ገባ፤ ሲያንሰን ይሰጠናል፣ ሲተርፈን ይወስዳል። ጌትነቱ ግን ቀረ።

ሽቦው ሲዘረጋ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። "ከይርዳው ጣራ የሚመጣ መብራት ቤቴ እንዳይገባ" አልኩት ባለሙያውን።

"እማማ፣ ሽቦው ውስጥ ከገባ በኋላ ስም የለውም፤ የማን እንደሆነ አይለይም።"

"አንተ ለየው። ትምህርት ቤት የከረምከው ለዚህ አይደለም?"

ስቆ ሥራውን ቀጠለ።

በሚያዝያ ሩቅ አገር ለቅሶ ሄጄ ሦስት ቀን ቆየሁ። ስመለስ የጣራዬ ግማሽ የለም። አውሎ ነፋስ ቆርቆሮውን ከነሶላሩ ገንጥሎ ወንዝ ጨምሮታል። መድኃኒቴ ትዝ ሲለኝ ወደ ቤት ሮጥኩ። የሁለት ወር መድኃኒት ነው፤ ከፋርማሲውም ከጠፋ ሰንብቷል። ፍሪጁን ፈራ ተባ እያልኩ ከፈትኩት። ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ጉንጬ ላይ አስጠጋኋቸው። ሁሉም ቀዝቃዛ ናቸው።

"መብራቱ ከየት መጣ?" አልኳት ተከትላኝ የገባችውን ወርቅያንጥፉን።

"ነፋሱ ትልቁንም መስመር ጥሎታል፤ የማረው አራት ጣራ ነው። አንዱ የይርዳው ነው።"

"ወደ እኔ እንደሚያልፍ ያውቃል?"

"እንዴት አያውቅም? ሽቦሽ በእሱ ግድግዳ በኩል አይደል የሚያልፈው? አቆራረጡንም ያውቅበታል። ግን አልነካውም።"

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጭነቷን እንዳራገፈች አህያ ረጅም ትንፋሽ ወጣኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። የእኔ ጠፍቶ ሰፈሩ አልጨለመም፤ እኔም ማንንም ሳልለምን ተረፍኩ።

ልጆቼ፣ ኃይል ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ ግድግዳው የደግም ይሁን የክፉ፣ ባለቤቱን ያባልገዋል። እኔንም በአንድ ወር አባልጎኛል። በየጣራው ሲበተን ግን የአንዱ ቤት ውድቀት የሁሉም ጨለማ አይሆንም፤ የተጣላችሁት ሰው እንኳ ከክፉ ቀን ያወጣችኋል። በእናንተ ሰፈርስ፣ ሁሉ የሚሰግድለት ያ አንድ ግድግዳ የማን ነው? የእናንተ ቢሆንስ?

በማግስቱ ማለዳ ተነሳሁና በባልዲ ውሃ፣ በእጄ ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። ይርዳው ሶላሩን የሰቀለው ዝቅ ያለው የፍየሎቹ ጋጣ ላይ ስለሆነ እጄ ይደርሳል። ነፋሱ ያለበሰውን አቧራ አጥብ ጀመር። እሱ በሩን ከፍቶ ወጣና ቆሞ አየኝ።

"እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?" አለኝ።

"አቧራ ሲለብስ ይሰንፋል" አልኩትና ጨርቄን ጨምቄ ማጠቤን ቀጠልኩ።