እህቷን መንካት የፈለገችው ሕዋስ

ተረቴ ትንሽ ናት፤ በዓይን እንኳ አትታይም። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በአንድ ቤተ ሙከራ፣ በአንድ ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ፣ ገና የደም ሥር ያልሆነች ሕዋስ ነበረች። የጎረቤት ሳህን ሕዋሳት ተያይዘው እንደ መረብ ተዘርግተዋል። አየችና ቀናች። «እህቴ፣ እጅሽን ስጪኝ፤ እኛም የደም ሥር እንሁን» አለች።

እህቷም ቀንታለች። «መልእክተኛው ጎረቤቶቻችንን ጠርቷል። እኔን ሳይጠራኝ እጄን አልሰጥም» አለች።

መልእክተኛው ፔፕታይድ ይባላል፤ ሕዋሳትን «ተያያዙ» ብሎ የሚጠራ ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ብልቃጥ ውስጥ በረዶ ሆኖ፣ «ደብሪቱ ሳታቀልጠኝ አልሄድም» አለ። መልእክተኛው አልሄድ አለ፣ እህት እጅ አልሰጥ አለች፣ ሕዋሷ ቀረች።

ደብሪቱ የሕዋሷ ሳህን ባለቤት ናት። ብልቃጡ ግን ያለው የጎረቤቱን ሳህን በያዘችው በአቦነሽ እጅ ነው። «እሷን? ሳህኗ ካማረላት ወዲህ መሬት አልበቃ ያላትን? አልለምንም!» አለች ደብሪቱ። ደብሪቱ አልለምን አለች፣ መልእክተኛው አልሄድ አለ፣ እህት እጅ አልሰጥ አለች፣ ሕዋሷ ቀረች።

አቦነሽ ሰማቻት። «ዶክተር ስንዱ ጎበዝ የሚሉት ሁልጊዜ ደብሪቱን ነው። እኔንም ጎበዝ የሚለኝ ሳይገኝ አልሰጥም!» አለች። አቦነሽ አልሰጥ አለች፣ ደብሪቱ አልለምን አለች፣ መልእክተኛው አልሄድ አለ፣ እህት እጅ አልሰጥ አለች፣ ሕዋሷ ቀረች።

ዶክተር ስንዱ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናቸው። «አንድ ሳህን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሁለተኛው ሳይያያዝ ማንንም ጎበዝ አልልም። እስከ ዓርብ ካልተያያዘ ደግሞ ይደፋል» አሉ። ዶክተር ጎበዝ አልል አሉ፣ አቦነሽ አልሰጥ አለች፣ ደብሪቱ አልለምን አለች፣ መልእክተኛው አልሄድ አለ፣ እህት እጅ አልሰጥ አለች፣ ሕዋሷ ቀረች።

ሐሙስ ጠዋት ደብሪቱ በማይክሮስኮፕ አየች። ሕዋሷ ማንም ሳይጠራት ቀጭን እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ደብሪቱ አፈረች።

«አቦዬ» አለች ሄዳ፣ «ሳህንሽ ያምራል። ጎበዝ ነሽ። ቀንቼብሽ ነው። እባክሽ ብልቃጡን ስጪኝ።»

«ማን ናት ጎበዝ ያለችኝ? ደብሪቱ?» አቦነሽ ሳቀች። «ከዶክተር አፍ ብትወጣ እንዲህ አትጣፍጠኝም ነበር። እንኪ!»

ደብሪቱ ለመነች፣ አቦነሽ ሰጠች፣ መልእክተኛው ቀለጠና እህትን ጠራት፣ እህት እጇን ሰጠች፣ ሕዋሷም ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

ዓርብ ዶክተር ስንዱ ጎንበስ ብለው አዩ። «ሁለታችሁም ጎበዞች!» አሉ።

በጎረቤት ሳህን አንዲት ሕዋስ አጮልቃ አየች። «ውይ፣ የእነሱ ከእኛ ይበልጣል» አለች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ሳህኑን ግን እንዳትደፉት።