የታንጉት እምቢታና የውሃው ውል

ሌላው አገር ሰው የሚሰደብበት አንድ ተረት አለ፤ እኛ ወረዳ ግን ይመረቅበታል። ለዚህ ያበቃችን የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ታንጉት ናት። የተማረች፣ ምላሷ ስለታም፣ እምቢ ካለች በጥንድ በሬ የማትነቃነቅ ሴት።

አንድ ቀን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሻጭ መጣ። ፕሮግራሙ ሰነዱን እንደ መጽሐፍ እየገለጠ ሙዚቃ ያሰማል። አስተዳዳሪው አቶ ይርሳው ገና ሲያዩት ልባቸው ቀለጠ።

«ፋይሉ ሁሉ እዚህ ይግባ፤ የቀድሞው ይደምሰስ!» አሉ።

ከፋይሎቹ አንዱ የላይኛውና የታችኛው መንደር የመስኖ ተራ ውል ነበር። የተዋዋሉት ሽማግሌዎች አልቀው ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባቱ አያ ፈንቴ ብቻ ቀርተዋል። እሳቸውም የላይኛው መንደር ሰው ስለሆኑ የታችኛው አያምናቸውም።

ታንጉት ሻጩን፣ «ከእናንተ ፕሮግራም ሌላ ይህን የሚከፍተው አለ?» አለችው።

«ምን ያደርግልሻል እህቴ? እኛ አለን።»

«ስትጠፉስ?»

ሻጩ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ድሮ በሌላ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ፣ ፕሮግራሙ ሲቀር የዶሮ ጭረት ሆኖ ሲወጣ አይታ አልቅሳለች።

«የውሃውን ውል አልደመስስም! ማንም በሚከፍተው፣ ፊደሉን በሆዱ ይዞ በሚዞር ፒዲኤፍ አስቀምጬዋለሁ። እዚያው ይኖራል!»

«ሞኝ ነሽ እንዴ? ደመወዝሽን እቆርጠዋለሁ!» አሉ አቶ ይርሳው።

«ይቁረጡት!»

ቆረጡ። እሷም ቅጂውን ለትምህርት ቤቱም ለጤና ጣቢያውም አደለች። አበጀች!

ዓመታት አልፈው የሻጩ ድርጅት ተዘጋ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ሁለቱ መንደሮች ዱላ ይዘው ቦዩ ላይ ተፋጠጡ። አቶ ይርሳው ላፕቶፓቸውን አቅፈው እየሮጡ ደረሱ። ፕሮግራሙ «ፈቃድዎ አብቅቷል» ብሎ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። ሻጩ ጋ ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው።

ታንጉት ሰዉን ገፍታ መሃል ገባች። ከታችኛው መንደር ዱላውን ወደ ሰነዘረው ሰው ሄዳ ውሉን ከስልኳ ወደ ስልኩ ላከችለትና «ራስህ አንብበው!» አለችው።

ከፈተው። አንድ ፊደል አልጎደለም። ተራውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከፈራሚዎቹ መሃል የሟች አባቱን ስም አገኘ። ዱላውን ጣለ፤ ሌሎቹም ጣሉ።

አቶ ይርሳው አንገታቸውን ደፍተው «እኔ እኮ ሞኝ ብያት ነበር» አሉ።

አያ ፈንቴ ከት ብለው ሳቁ፤ «ታዲያ ምን ተሳሳትክ ልጄ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»