አልበላም ያለው የአያ ጅቦ ዘንዶ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ብቻውን መሳቅ ሰለቸው።

መሳቁንስ ድሮም ይስቃል፤ ጅብ ነዋ! ችግሩ ሌላ ነው። ዋሻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ሲንከተከት «ምን ያስቅሃል?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ፍጥረት የለም። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ የዋሻውን በር ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ጎረቤቱ እመት አህያ እንኳ ሰላም የምትለው ከወንዙ ማዶ ቆማ፣ ጆሮዋን ቀስራ፣ አንድ እግሯን ለሩጫ አዘጋጅታ ነው። እውነቱን ለመናገር አይፈረድባትም።

«አይ የኔ ነገር!» አለ አያ ጅቦ። «የማይፈራኝ፣ አብሮኝ የሚኖር አንድ ለማዳ እንስሳ ልግዛ እንጂ!»

ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመና አንድ ቀን ለገበያ ተነሣ። ለመክፈያ የያዘውን ብታዩ ግን ዓይናችሁን አታምኑም፤ አንድ ሙሉ የበሬ ታፋ! ጅብ ሥጋ ቆጥቦ፣ ያውም ታፋ፣ ያውም ሳይነክሰው ገበያ ድረስ ተሸክሞ መሄዱ በዚያ አገር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። ምራቁ እየተንጠባጠበ የመንገዱን አቧራ አራሰው። እሱ ግን ታፋውን አልነካውም። ብቸኝነቱ ምን ያህል እንደከፋበት ከዚህ ገምቱ።

የእንስሳቱ ገበያ የሚቆመው ቆላ ወርዶ፣ ትልቁ የሾላ ዛፍ ሥር ነው። ደላላዋ እመት ቀበሮ ናት። እሷ የማታገበያየው ነገር የለም። አያ ጅቦን ከነታፋው ስታየው ዓይኗ በራ።

«እንዴት አደርክ አያ ጅቦ! ምን ልፈልግልህ?»

«አብሮኝ የሚኖር። የማይፈራኝ።»

«ጥንቸል ልስጥህ?»

«ጥንቸል ትፈራኛለች።» አያ ጅቦ ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እኔም ራሴን አላምነውም።»

«እንግዲያው ያንተ ዕቃ ተገኝቷል» ብላ ቀበሮ ከሾላው ጀርባ አንድ ቅርጫት ጎትታ መጣች። ክዳኑን ገለጥ ብታደርገው፣ ውስጡ አንድ ወጣት ዘንዶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቆዳው ከቡናማና ከቢጫ ተዥጎርጉሯል።

ዘንዶው ራሱን ቀና አድርጎ አያ ጅቦን ከጆሮው እስከ ጥፍሩ አየው። አልደነገጠም፤ አልሸሸም። ምላሱን ብልጭ አደረገና ጠየቀ።

«ቤትህ ይሞቃል?»

«ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል።»

«ጨለማ ጥግ አለው?»

«ዋሻ አይደል እንዴ? ሞልቶታል!»

«ውሃስ?»

«ወንዙ ደጄ ነው።»

«በቃ፣ እሄዳለሁ» አለ ዘንዶውና ተመልሶ ተጠቀለለ።

አያ ጅቦ በመገረም ወደ ቀበሮ ጆሮ ጠጋ አለ። «ስለ ምግብ እኮ ምንም አልጠየቀኝም! ምን ያለ ጨዋ ነው?»

«ጨዋነቱማ አይነሣ!» አለች ቀበሮ፣ ታፋውን ወደ ጓሮዋ እየጎተተች። «ታዲያ የተሸጠ አይመለስም!»

አያ ጅቦ ቅርጫቱን በጥርሱ አንጠልጥሎ፣ እንዳይናወጥበት ቀስ እያለ ቤቱ ገባ። አስቀድሞ ደረቅ ሣር ጎዝጉዞ፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ጠርጎ፣ ውሃ በቅል ቀድቶ አስቀምጦ ነበር። ዘንዶው ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ተጋደመ። «ደህና ቤት ነው» አለ። አያ ጅቦ በሕይወቱ ቤቱን ያመሰገነለት አልነበረምና እንባው መጣ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሁሉም ነገር በሰላም ባለቀ ነበር። አላቆመም። ምግብ አቀረበ።

በኛ አገር እንግዳ «አልበላም» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለምኑኝ ማለቱ ነው። እንግዳው «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል። እንግዳው «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ይላል፤ ባለቤቱ ያጎርሰዋል። አያ ጅቦም ጅብ ይሁን እንጂ ወጉን አሳምሮ ያውቃል።

«ብላልኝ!» አለና ያመጣውን ጉበት ዘረጋ።

«አልራበኝም» አለ ዘንዶው። «ቤቱ አዲስ ነው፤ እስክለምደው ድረስ አልበላም።»

«በሞቴ!»

«አያ ጅቦ፣ አልራበኝም አልኩህ።»

«አፈር ስሆን! አንዲት ጉርሻ! አታሳፍረኝ!»

ዘንዶው ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፤ ጉርሻው ወደ ግራ ተከተለው። ወደ ቀኝ አዞረ፤ ጉርሻው ወደ ቀኝ መጣ። በመጨረሻ ከድንጋዩ ወርዶ ዋሻው ጫፍ ያለች ስንጥቅ ውስጥ ገባ። አያ ጅቦም ጉበቱን እንደያዘ ስንጥቋ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲለምን ዋለ። እንግዳው ሳይበላ ባለቤቱ አይበላምና እሱም ጦሙን አደረ።

በማግሥቱም ያው ሆነ። በሦስተኛውም ቀን ያው። አያ ጅቦ ጭንቀት ገባው። «አገር ምን ይለኛል?» እያለ ዋሻው ውስጥ ተንጎራደደ። «ጅብ ቤት የገባ እንግዳ በረሃብ ሞተ፤ ጅቡ ብቻውን እየሰለቀጠ አስራበው አይሉኝም? ከሞተብኝስ ደግሞ ከማን ጋር ልኖር ነው?» ከሐሜቱ ይልቅ አንጀቱን የበላው ይኸኛው ነበር። እየሮጠ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

ቀበሮ ነገሩን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች።

«ጥፋቱ ያንተ ነው፣ አያ ጅቦ። አፍህን ከፍተህ እያየኸው እንዴት ይብላ? ጨዋ ነው ብለህ የለም? ጨዋ ደግሞ ሰው ፊት አይበላም። ሥጋውን ከበሩ አጠገብ አስቀምጥለትና አንተ ወዲያ ማዶ ዞር ዞር ብለህ ና። ምርጥ ምርጡን ታዲያ! ከሥጋም ጮማ ይወዳል።»

አያ ጅቦ እንደተባለው አደረገ። ተመልሶ ሲመጣ ሥጋው የለም! አጥንቱ እንኳ ተልሶ ነጥቷል። የደስታውን ነገር ተዉት።

«በላልኝ! እሰይ! ዘንዶዬ በላልኝ!»

«አልበላሁም» አለ ድምፅ ከስንጥቋ ውስጥ።

«አዎ፣ አዎ፣ አልበላህም» አለ አያ ጅቦ፣ በአንድ ዓይኑ እየጠቀሰ። «ማንም አልበላም። ንፋስ ወሰደው!»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያደነውን ሁሉ ለዘንዶው እያስቀመጠ ይወጣል፤ በተመለሰ ቁጥር ሥጋው አልቆ ያገኛል። ለራሱ የሚቀረው ሰኮናና ቀንድ ሆነ። ጎኑ ገባ፣ ጆሮው ረዘመ፤ ቢሆንም ደስ ብሎት ነበር። አንድ ቀን ግን ዘንዶው ውሃ ሊጠጣ ብቅ ሲል አይቶት ክው አለ። ያ የተዥጎረጎረ ቆዳ አመድ መስሏል። ዓይኖቹ ወተት የተደፋባቸው ይመስላሉ። በዳበሳ ውሃውን አግኝቶ ጠጣና አንዲት ቃል ሳይናገር ተመልሶ ገባ።

ቀበሮ ይህን ስትሰማ ለአፍታ እንኳ አላመነታችም። «ሥጋው አንሶት ነዋ!» አለች። «ጨምርለት!»

አያ ጅቦ የሚጨምረው አልነበረውም። ወንዙ ዳር ሄዶ፣ በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እመት አህያ ከማዶ ሣር ትግጥ ነበር።

«አያ ጅቦ! እንዴት እንዲህ ከሳህ?» አለችው። ማዘኗም ይሁን ደስ ማለቷ አልለየላትም።

«ዘንዶዬ ሊሞትብኝ ነው፣ እመት አህያ! የቤቴን ሥጋ ሁሉ እየበላ ገረጣብኝ። ዓይኑም ጠፋ።»

«እሱ ራሱ ምን ይልሃል?»

«እሱማ አልበላሁም ነው የሚለው። ይሉኝታ ይዞት።»

እመት አህያ የጎረሰችውን ሣር በደንብ አላመጠችና እንደገና ጠየቀች።

«ባለፈው በዓል ምን ልከህልኝ ነበር?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! የፍየል ቅልጥም ነዋ፣ ከነመቅኔው! እዚህ ወንዙ ዳር አስቀምጬልሽ፣ አልበላም ብለሽ ሳትነኪው ቀረ።»

«ለምን ያልነካሁት ይመስልሃል?»

«አፍረሽ ነዋ!»

«አያ ጅቦ» አለች እመት አህያ፣ «እኔ እኮ አህያ ነኝ። ሣር ነው የምበላው።»

አያ ጅቦ ወደ ሣሩ አየ፤ ወደ እሷ አየ። ነገሩ ከጆሮው ተነሥቶ አእምሮው እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ወሰደ።

«ታዲያ… አልበላም ስትይ፣ አልበላም ማለትሽ ነበር?»

«አልበላም ማለቴ ነበር።»

አያ ጅቦ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት በረረ። ስንጥቋ አጠገብ ሲደርስ እንዳያስደነግጠው ቀስ ብሎ ተንበረከከ።

«ዘንዶዬ፣ ዛሬ ብላ አልልህም። ምን ልሁንልህ ብዬ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ዘንዶው እንዲህ ተብሎ ስለማያውቅ ሳያጣራ አልመለሰም።

«የእውነትህን ነው?»

«የእውነቴን ነው።»

«ቆዳዬን ልለውጥ ነው። በዚህ ጊዜ ዓይናችን ይጋረዳል፤ አንበላም፤ መነካትም አንወድም። ሕመም አይደለም። ውሃውን ጠጋ አድርግልኝና ተወኝ። ደግሞ እዚህ አጠገብ አትሳቅ፤ ዋሻው ያስተጋባል።»

«ሥጋውንስ?»

«አልበላሁም ብዬህ የለ! በየቀኑ አንድ ሰው በሩ ላይ ሲቆረጥም እሰማለሁ። አንተ መስለኸኝ ነበር።»

«እኔማ አልነበርኩም» አለ አያ ጅቦ፤ ግራ ገብቶትም ጆሮውን አከከ።

እንግዲህ ለጅብ ከዚህ የከበደ ሥራ ተሰጥቶት አያውቅም። አለማጉረስ! አለመነካካት! አለመሳቅ! ውሃውን አስጠግቶ፣ በጥፍሩ ጫፍ እየተራመደ ወጣ። ሳቁ ሲመጣበት ኮረብታውን ተሻግሮ ይስቅና ይመለሳል። ሥጋ ማስቀመጡንም ተወ፤ ያደነውን እዚያው ኮረብታው ላይ ለራሱ በላ። እያንዳንዷን ጉርሻ ሲውጥ ቅር ይለው ነበር።

አንድ ቀን ኮረብታው ላይ ሆኖ ከዋሻው የሚመጣ ጩኸት ሰማ። እየተንደረደረ ሲደርስ፣ በሩ ላይ አንድ ረጅም ቀጭን የቆዳ ልጣጭ ተጋድሟል። ከልጣጩ ወዲያ ዘንዶው አለ። አቤት ማማሩ! ቡናማው ቡናማ፣ ቢጫው ቢጫ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ! በመካከሉ ደግሞ እመት ቀበሮ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ተጠምጥሞባት ቆማለች።

«አያ ጅቦ፣ ድረስልኝ!» አለች። «ሕመምተኛ ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት!»

«መጠየቁንስ ማን ጠላ» አለ ዘንዶው። «እሷ ግን በሩ ላይ ሥጋ ብታጣ እኔ ጥግ ድረስ ገብታ ስታሸት ነው የደረስኩባት። አቆረጣጠሟንማ በድምፁ ለየሁት።»

አያ ጅቦ የቀበሮን ሆድ አየ፤ እንደ ቅል ተነፍቷል። የራሱን ጎን አየ፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው።

«አያ ጅቦ» አለ ዘንዶው፣ «አሁን ርቦኛል።»

አያ ጅቦ ዘሎ ተነሣ። «ምን አልክ? እስቲ ድገመው!»

«ርቦኛል።»

«እሰይ! ራበው! ዘንዶዬ ራበው!»

«እሰይ አትበል እንጂ!» ብላ አንባረቀች ቀበሮ። «ሊበላ ያሰበው እኮ እኔን ነው!»

«ልዋጣት?» አለ ዘንዶው።

አያ ጅቦ ያን ሁሉ ጮማ አስታወሰና «ዋጣት!» ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለው። «ከዋጥካት ለምን ያህል ጊዜ ትተኛለህ?»

«ይህን የሚያህል ሆድ? እስከ ክረምት ሳልተኛ አልቀርም።»

«ተዋት እንግዲያው» አለ አያ ጅቦ። «እስከ ክረምት ማን ሊያጫውተኝ? ሌላ ነገር አመጣልሃለሁ።»

ዘንዶው ላላ ሲልላት ቀበሮ ወደ ኋላዋ ሳታይ ተፈተለከች። ወሬው ግን ቀድሟት ገበያ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመደለል አፏን በከፈተች ቁጥር ገበያተኛው ሁሉ «ብይ እንጂ፣ እመት ቀበሮ፣ በሞቴ!» እያለ ያሾፍባታል።

አያ ጅቦ ዕለቱን አንድ የደለበች ጅግራ አምጥቶ ዘንዶው ፊት አስቀመጠ። ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ለመናገር አፉን እንዳያሳክከው ከንፈሩን ነከሰ። ዘንዶው ጅግራዋን ሙሉዋን ዋጠና አገጩን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ።

«ልጨምርልህ?»

«በቃኝ።»

«በሞ—» አለ አያ ጅቦ። ቀሪውን ዋጠው። «እሺ» አለ፤ ከጅብ አፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው።

እሱም ከራሱ አደን የተረፈውን አጥንት መቆርጠም ጀመረ። የዚያ የፍየል ቅልጥም ነገር ትዝ ብሎት፣ አህያዋ መቅኔ ስትመጥ አስቦ ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ደንግጦ አፉን በመዳፉ ከደነ። ከሞቀው ድንጋይ ላይ ግን የሚያንቀላፋ ድምፅ መጣ።

«ምን ያስቅሃል፣ አያ ጅቦ?»

አያ ጅቦ ጠጋ ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው።

ከዚህ የምንማረው ወዳጅን መውደድ በራስ ሆድ እየለኩ ማጉረስ ሳይሆን፣ የሚሻውን ጠይቆ «በቃኝ» ሲልም ማመን መሆኑን ነው።