ቴሌስኮፑን የቆለፈው አባት

አንድ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፣ ወገኖቼ። ጠንቃቃ ሰው ነው። በእሱ እጅ የገባ ዕቃ አይጠፋም፤ ከእሱ እጅ ደግሞ አይወጣም።

አንድ ቀን ለትምህርት ቤቱ ቴሌስኮፕ ተለገሰ። ሰውየው ፈርሞ ተረከበና ካርቶኑን እንኳ ሳይከፍት ቆለፈበት።

የፊዚክስ አስተማሪው መምህር ደመላሽ መጥቶ ለመነው። «ጋሼ፣ ለልጆቹ ጨረቃን ላሳያቸው። ዝናቡን ቀድሞ የሚነግረን፣ በስልካችን መንገድ የሚመራን ሳተላይት እኮ ሰማዩን በማየት የተጀመረ ነው!»

«ቢሰበርስ? አንተ ልትጠየቅልኝ ነው? ጨረቃ እንደሆነች ቀና ብትል ትታያለች» አለው።

መምህሩ ደጋግሞ መጣ፤ ሰውየውም ደጋግሞ መለሰው። ታዲያ ምን አጠፋ? አልሰረቀ! አልሸጠ! ጠበቀ እንጂ።

ይህ ሰው እዚያው የምትማር ርብቃ የምትባል ልጅ ነበረችው። ነገረ ሥራዋ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ነው። ለሳይንስ ውድድር ትምህርት ቤቷን ወክላ ሄደች። አባት ከወላጆች መሃል ተቀምጦ ደረቱን ነፍቷል። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጣች። ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ቴሌስኮፕ አቁመው «እስቲ ያንን ኮረብታ አሳዪን» አሏት። ርብቃ ዓይኗን በተሳሳተው ጫፍ ላይ ደቀነች። ግቢው በሳቅ አውካካ።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «አባዬ፣ የኛ ትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ የለውም?» አለችው።

ምን ይበላት?

«አለው። እኔ ጋ ነው። ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው» አላት።

በማግስቱ ካርቶኑን ከፈተ። መስታወቱን ሻጋታ በልቶታል። ወልውሎ ወልውሎ ለልጁ ይዞላት ሄደ። «ይቅር አባዬ፣ አሁን አያስፈልገኝም» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሰማይ አንድም ነገር ጠይቃው አታውቅም።

አያሳዝንም? ግን ለእሱ ብቻ አትዘኑ! እናንተስ? ጣሪያችሁ ላይ ዲሽ ተክላችሁ በሳተላይት ስብከት ትሰማላችሁ። ልጃችሁ «ከሰማይ እንዴት ነው የሚመጣው?» ስትላችሁ «ዝም ብለሽ እዪ!» ትላላችሁ። «ከዋክብቱን ማን ለካቸው?» ስትል «አትፈላሰፊ!» ትላላችሁ። እግዚአብሔር ሰማይን የዘረጋው እንዳይታይ ነው እንዴ?

ጠብቁ ግድ የለም። አንድ ቀን ልጆቻችሁ መጠየቅ ያቆማሉ። ያን ቀን ቤታችሁ ጸጥ ይላል። እናንተም እጃችሁን ዘርግታችሁ «ተመስገን፣ ልጆቼ ጨዋ ሆኑልኝ» ትላላችሁ።