የዘምዘም ስም ያለበት መጽሐፍ

ልጆቼ፣ ሌላ አገር ግትር ሰው የሚሰደብባት አንዲት አባባል አለች። እኛ ሰፈር፣ ደሴ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ተራ ግን ያችው አባባል ምርቃት ናት፤ ሙሽራ ሳይቀር እንመርቅባታለን። እኛ አላወጣናትም፤ ከእኔም ከአያቴም የቀደመች ናት። ከስድብ ወደ ምርቃት የተሻገረችው ግን እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ነው። አሁን ብነግራችሁ ወጉን ሳትሰሙ ትነሣላችሁ፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ላቆያት።

የኔ ፀጉር ቤትና የይመር አበጋዝ ልብስ ስፌት በአንድ ግድግዳ ነበር የሚገናኙት። ይመር እጁ የተባረከ ሰፊ ነበር። ግን አንድ ነገር አለችበት፤ መጽሐፍ ይሰበስባል። የቁም ነገር መጽሐፍ ቢሆን ማን ይናገረው ነበር? የሱ ግን ጭራሽ ኖሮ የማያውቅ አገር ታሪክ ነው፤ ዘንዶ የሚነግሥበት፣ ተራራ ተነሥቶ የሚሄድበት፣ ከሐይቅ ሥር ከተማ ያለበት። ያውም የድሮውን፣ መጀመሪያ የታተመውን ነው የሚፈልገው። ደራሲው በእጁ የፈረመበት አለ ካሉትማ ኮምቦልቻ ድረስ በእግሩ ይወርድ ነበር። አግኝቶ ሲመጣ ከደንበኛ በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ልብስ ይሰፋለታል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ ለብሰው ነው የሚቀመጡት። አንድ ቀን ገብቼ የቡናማ ሱሪዬን ጨርቅ አየሁና፣ «ይሄ የኔ አይደለም ወይ?» ብለው፣ «ያንተው ነው፤ ዘንዶው ብርድ አይችልም» አለኝ።

ሰፈሩ ይስቅበት ነበር። ጣሪያው እያፈሰሰ መጽሐፍ ያለብሳል እያሉ ያችን አባባል ይወረውሩበታል። እኔም ወርውሬበታለሁ፤ ምን እዋሻችኋለሁ።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ አንዱን ከሚስቱ ከዘምዘም የሠርግ ቀሚስ የተረፈ ነጭ ጨርቅ አልብሶ በመሳቢያ ያኖረዋል። «የጨረቃዋ በቅሎ» ይባላል፤ የታሪኩ አንደኛ ክፍል ነው። በቅሎዋ ቀን ቀን እንደማንም በቅሎ እህል ስትጭን ትውላለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ጨረቃን ተሸክማ ሰማይ ታቋርጣለች። ዘምዘም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ደራሲው ትምህርት ቤታቸው መጥቶ አነበበላቸው። ሌላው ልጅ ስለ ጨረቃዋ ሲጠይቅ እሷ ተነሥታ፣ ቀንም ሌትም የምትሠራ ከሆነ በቅሎዋ የት ነው የምታርፈው አለችው።  ሰውዬው የያዘውን መጽሐፍ ገለጠና በቀለም ብዕሩ፣ «ለዘምዘም፤ በቅሎዋ የት እንደምታርፍ በሁለተኛው ክፍል እነግርሻለሁ» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ ሰጣት።

ሁለተኛው ክፍል ታተመ ተባለ፤ ግን በጣም ጥቂት ነበርና ደሴ የደረሰ የለም። ዘምዘም ይመርን ስታገባ መጽሐፏን ይዛ መጣች። ይመር መሰብሰብ የጀመረው ያኔ ነው፤ ሁለተኛውን ክፍል ሊፈልግላት። ሌላው ሁሉ ያን ሲፈልግ መንገድ ላይ ያገኘው ነው። ሳያገኝላት ታመመች። ልትሞት ሰሞን፣ «ስታገኘው መቃብሬ ላይ መጥተህ አንብብልኝ፤ ያች በቅሎ አሳዝናኛለች» አለችው። እሱም እሺ አላት። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ፈለገ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንግዳ መጣ። አቶ ምንተስኖት ይባላል፤ እሱም መጽሐፍ ሰብሳቢ ነው፣ ከአዲስ አበባ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሰዓቱን የሚያይ ዓይነት ሰው ነው። ከቦርሳው አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ አውጥቶ ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጠ። «የጨረቃዋ በቅሎ፣ ሁለተኛ ክፍል» ይላል። ይመር እጁን ሊሰድ ብሎ መለሰው፤ ላብ አለበት መሰለኝ። እንግዳው የፈለገው ልውውጥ ነው፤ ሁለተኛውን ሰጥቶ የተፈረመበትን አንደኛውን ሊወስድ።

ይመር እስከ እኩለ ቀን ድረስ የስፌት መኪናውን እየረገጠ አሰበ። የአንዱን ኮት እጅጌ ገልብጦ ሰፋ፤ ፈታው፤ እንደገና ገልብጦ ሰፋው። ኋላ እኔ ዘንድ መጥቶ አማከረኝ። ስጠው አልኩት፤ ሟች የጠየቀችህ መልሱን እንጂ ወረቀቱን አይደለም አልኩት። የተማረ ሰው የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እሱም ቃሏን ልፈጽም ብሎ ተስማማ። ሰማያዊውን መጽሐፍ ተቀብሎ ሳይገልጠው ብብቱ ሥር ያዘው፤ መጀመሪያ የሚገለጠው እሷ ዘንድ ነው።

እንግዳው ግን አልሄደም። ቆዩኝ ብሎ ወጣና መሪጌታ ልሳነወርቅን ይዞ ተመለሰ። መሪጌታ ብራና ጸሐፊ ናቸው፤ የተሳሳተ ፊደል በካራ ፍቀው ሲያርሙት ቦታው አይታወቅም። ስህተት ያለበት ጽሑፍ አለ ብሎ ነው ያመጣቸው። የዘምዘምን መጽሐፍ ገልጦ አቀረበላቸው።

«ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ይህችን ስም ነው የሚያነሡልኝ። ፊርማው ይቆይ። ለማትታወቅ ሴት የተጻፈ መጽሐፍ ሰብሳቢ ዘንድ ክብር የለውም።»

መሪጌታ አነበቡት። ከዚያ ይመርን አዩት። «የሰው ስም ምን ሆኖ ነው ስህተት የሚሆነው?» አሉ። «ደግሞም ይሄ ብራና አይደለም፣ ጌታው። ብራና ቆዳ ነው፤ ቀለሙ ከላይ ይቀመጣል፣ ቢፍቁት ይለቃል። ይሄ ጠጥቶታል።»

እንግዳው ሰዓቱን አየ። መንገድ ሳይመሽብኝ ብሎ ካራውን ከእጃቸው ላይ ወሰደና እሱ ራሱ ይፍቅ ጀመር። ድምፁ ትዝ ይለኛል፤ አይጥ የምትቆረጥም ይመስል ነበር።

ይመር መዳፉን ገጹ ላይ፣ ከካራው ሥር ዘረጋ።

«እጅዎን ያንሡ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ምን ማለትህ ነው? ተለዋውጠን ጨርሰናል።»

«አልጨረስንም።» ሰማያዊውን መጽሐፍ ከብብቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይውሰዱት።»

«ሳታነበው?»

«ሳላነበው።»

ያን ጊዜ እንግዳው ለዘብ አለ። ስሙን አልነካም፣ እንዳለ እወስደዋለሁ አለ። ይመር ግን፣ «አሁንማ አውቄዎታለሁ፤ ኮምቦልቻን ሳያልፉ ይፍቁታል» አለው። እንግዳው ፊቱ ተለዋወጠ። ሁለተኛው ክፍል ያለው ሦስት ሰው ዘንድ ብቻ ነው፣ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፣ አንዱም እንዳያሳይህ አደርጋለሁ ሲል ዛተ።

«ያድርጉ» አለ ይመር።

«የበቅሎዋን ነገር ሳታውቅ ትሞታለህ።»

«ዘምዘምም ሳታውቅ ነው የሞተች። እኔ ከሷ አልበልጥም።» መጽሐፏን ወደ ራሱ ሳበ። «ጥያቄዋ ከነስሟ የተጻፈበትን ሰጥቼ መልሱን ይዤላት ብሄድ፣ ስሜስ ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

እንግዳው ወደ እኛ ዞረ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ያ ሁሉ በይመር የሚስቅ የተራው ሰው። «አያችሁት ይህን ሞኝ?» አለና እንድንስቅለት ጠበቀ። ማንም አልሳቀም። እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ ስጠው ያልኩት እኔ ነኛ።

መሪጌታ ካራቸውን ተቀብለው ወደ ሰገባው መለሱት። መጽሐፉን አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱና የተፋቀውን ገጽ ብቻውን ከፍ አድርገው ያዙት። በፊት ለፊቱ ወረቀቱ ሻክሯል፣ «ለዘ» የምትለዋ ደብዝዛለች። ና እይ ብለው ጠሩኝ። በጀርባው በኩል ቀለሙ ዘልቆ ወጥቷል፤ ስሟ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። እኔ አራተኛ ክፍል የቀረሁት እንኳን አነበብኩት፤ ለዘምዘም ይላል።

መሪጌታ ገጹን ለእንግዳውም አሳዩት። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ነጭ ልብሱን አለበሱትና ለይመር በሁለት እጃቸው ሰጡት። እንግዳው ሰማያዊውን መጽሐፍ ቦርሳው ውስጥ ሲከት፣ እኛ ሁላችን ይመርን ስንሰድብበት የኖርነውን ያንኑ ቃል መሪጌታ፣ ልክ ልጅ እንደሚመርቅ አባት ረጋ ብለው አሉት፦ «በከንቱ አይድከሙ ጌታው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»