ለቀሩት የታረደ በግ

አንድ የጥጥ ነጋዴ ነበረ። ጥያቄሽን አልዘለልኩትም ልጄ። ልብስ አስመጪው መሥሪያ ቤታችሁ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ተገድዶ የሚሠራ ሰው መኖር አለመኖሩን ሪፖርት እንዲያደርግ ሕግ ወጥቶበታል፤ ለዚህ ሥራ ከቀረቡልን ሦስት ሶፍትዌሮች የትኛውን እንምረጥ ነው ያልሽኝ። እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን የነጋዴውን ስሚ።

ይህ ነጋዴ ጥጡን ከቆላ እየገዛ በደጋ ገበያ ይሸጥ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ሚዛን አያጭበረብርም፤ ለድሃ ፈታይም እስከሚቀጥለው ገበያ ይታገሣል። የጥጡን ንጣት ያያል እንጂ ማን እንደለቀመው ጠይቆ አያውቅም። እሱንም የጠየቀው አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ባልቴት ከጥጡ ክምር ፊት ቆመች። ፈትላ የምታድር ሴት ናት።

«ጌታዬ፣ ይህ ጥጥ ከየት የመጣ ነው?» አለችው።

«ከወንዙ ዳር እርሻ ነው እናቴ። ምነው፣ አልነጣልሽም?»

«ንጣቱስ ነጭ ነው። ልጄ አንጓች ለለቀማ ወደዚያ እርሻ ወርዳ ቀረችብኝ። ለአንድ ለቀማ ብላ ነበር፤ ይኸው ሌላ ለቀማ ደረሰ። ከዚያ ያመለጠ ሰው ሲያወራ፣ የበላችሁትን እህል በጉልበታችሁ ሳትከፍሉ አትወጡም ይሏቸዋል አለ። ሲሠሩ ይበላሉ፤ ሲበሉ ዕዳው ይጨምራል። አንተ ወደዚያ ትወርዳለህና እባክህ አይተህ ንገረኝ።»

አጠገባቸው የቆመች ሌላ ሴት ያነሣችውን ጥጥ ወደ ክምሩ መለሰች። «እኔስ የሰው ዕንባ አልፈትልም» አለች፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው። የሰሙትም አንድ በአንድ ሸሹ። ነጋዴው ስለ አንጓች አዘነ፤ ስለ ገበያውም ፈራ። የትኛው ኀዘን የትኛው ፍርሃት እንደሆነ ለይቶ አላወቀውም። ብዙ ሰው አይለየውም።

ማታውኑ ያገሩን ሽማግሌዎች ሰብስቦ ምክር ጠየቀ። አንዱ ባለ እርሻውን በታቦት ፊት አስምለው አለ። ሌላው ሰላይ ላክበት አለ። ሦስተኛው አውጫጭኝ ይሻላል አለ። አውጫጭኝ አንቺ ሳትወለጂ የቀረ ነገር ነው። ወንጀለኛው ያልታወቀ በደል ሲኖር ያገሬው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌዎች እያንዳንዱን ለብቻው ጠርተው ይጠይቁታል፤ የሚያውቅ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ የሚያውቀውን ያወጣል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። ተናጋሪው ከበቀል ይድናል፤ ነገሩም ይወጣል። ከሜዳው የቀረ ሰው ግን ይቀጣል። የሶፍትዌሮቻችሁ ሻጮች ዛሬ ስም ሳይጠቀስ ጥቆማ የሚሰጥበት ዘዴ ፈጠርን ብለው ሲኩራሩ ስሰማ ይገርመኛል።

ነጋዴው አውጫጭኙን መረጠ። ምርጫው ልክ ነበር። ይህን እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ፤ ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ቆላ ወረደ። ባለ እርሻው እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው፤ እምቢ ቢል እንደሚጠረጠር ያውቃል። ሕዝቡ በትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ዘበኞቹ ነበሩ፤ ወጥ ቤቶቹ፣ የባለ እርሻው ዘመዶች፣ በወንዙ ማዶና ማዶ ያሉ ጎረቤቶችም ነበሩ። ጥጥ ለቃሚዎቹ ግን ከጥቂቶቹ በቀር አልመጡም።

«አባቶቼ፣ ጥጡ ፈክቷል» አለ ባለ እርሻው። «ሰዎቹን እዚህ ባስቀምጣቸው ነፋስ ይጫወትበታል። ይቅሩልኝ። የቀረ ይቀጣ የሚለው ሕግ ደግሞ የአባቶቻችን ነው፤ አልሽረውም። ለያንዳንዱ ቀሪ አንድ አንድ በግ እኔው አገባለሁ።»

በጎቹም ተነድተው መጡ። መንጋ ሙሉ ነበሩ።

«እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ አይቼ አላውቅም» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ሰው በቀረ ቁጥር ጥርሳችን ሥራ አገኘ» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

ጥያቄው ተጀመረ። የተቀመጡት ሁሉ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ወፍ ምንም አልነገረችንም፣ እዚህ ሰው በፈቃዱ ይመጣል፣ በፈቃዱ ይሄዳል አሉ። በወንዙ ላይ ሰው የሚያሻግር አንድ ታንኳ ቀዛፊ ብቻ ተራው ሲደርስ፣ «ወፏ እዚህ መቼ መጣች አባቶቼ? ለቀማ ላይ ናት» አለ።

«ይህን ሰውዬ ፀሐይ መትቶታል፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት» አሉና ሳቁበት።

ነጋዴው ግን አልሳቀም። ወደ እርሻው ዞር ብሎ አየ። ጥጡ እስከ ወንዙ ድረስ ተዘርግቷል፤ በመካከሉ ጎንበስ ያሉ ጀርባዎች ይታያሉ። ልሂድና ልያቸው ብሎ ከተቀመጠበት ተነሣ። ያን ጊዜ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ወዴት ነህ?» አለው።

«የቀሩት በዙብኝ፤ ሄጄ ላያቸው ነው።»

«ሕጉ የቀረ ይቀጣ ይላል። ተቀጣ። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረህ? በል ተቀመጥ፤ ሥጋው ደርሷል።»

አንድ ጎድን ዘረጉለት። ነጋዴው ቆሞ ትንሽ አሰበ። ርቦት ነበር፤ እርሻው ሩቅ ነው፤ ሽማግሌዎቹም የተከበሩ ናቸው። ተመልሶ ተቀመጠና ሥጋውን ተቀበለ።

ወደ ደጋ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ነበር። በአውጫጭኝ የተጣራ ጥጥ ተባለ። የሸሹት ፈታዮች ተመለሱ፤ ከሌላው ጥጥ ይልቅ የእሱን መምረጥ ጀመሩ። ያቺ ባልቴትም ከሕዝቡ መሐል ወጥታ ከፊቱ ቆመች።

«አንጓችን አየሃት ወይ፣ ጌታዬ?»

«እናቴ፣ ደስ ይበልሽ፤ የተቀመጡት ሁሉ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ናቸው። አንድ በአንድ ተጠይቀዋል።»

«ከተቀመጡት መሐል አንጓች ነበረችበት?»

«በዚህ ስም የተጠራ የለም።»

«እንግዲያ ከቀሩት ናታ።»

«ለቀሩት ቅጣት ተከፍሎላቸዋል።»

«በምን?»

«በበግ።»

«በጎቹሳ?»

ሴትዮዋ መልሱን እስኪሰጣት ጠበቀችው።

«ተበሉ» አለ በመጨረሻ።

አልጮኸችም። ሰው እንግዳውን ስለ ምግቡ እንደሚጠይቅ ዓይነት፣ ቀስ ብላ፣ «የልጄ በግ ጣፈጣችሁ?» አለችው።

ነጋዴው በነጋታው በቅሎውን ጭኖ ብቻውን ወረደ። መንገዱ የብዙ ቀን ነውና ሲደርስ ለቀማው አልቋል። ማሳው ላይ የደረቀ እንጨት ብቻ ቆሟል፤ የለቃሚዎቹ ጎጆዎች ባዶ ናቸው። ባለ እርሻው አሁንም በፈገግታ ተቀበለው።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለው ነጋዴው።

«ከበረሃው ማዶ እርሻ ላለው ሰው አሳለፍኳቸው።»

«ማነው ሰውዬው?»

«ወንድሜ፣ አንተ ከኔ የገዛኸው ጥጥ ነው። ስለ ሰው መቼ ተነጋገርን?»

ነጋዴው እስከ በረሃው ጠርዝ ሄዶ ጠየቀ። ያየ ሰው አላገኘም። ከዚያ በኋላ ከዚያ እርሻ ጥጥ አልገዛም ይባላል፤ ሌላ ነጋዴ ገዛ። ጥጡም እንደ ወትሮው ነጭ ነበር።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ ልጄ። ያሳየሽኝን የሦስቱንም ሶፍትዌሮች ማብራሪያ አነበብኩት። እዚህ አገር አዲስ ሕግ በወጣ ቁጥር ሕጉን አክብረሃል የሚል ወረቀት የሚሸጥ ሱቅ አብሮ ይከፈታል፤ እነዚህ ግን ከሌሎቹ ይሻላሉ፣ አልዋሽሽም። ሦስቱም በሠራተኛው ስልክ ላይ ጥያቄ ይልካሉ። ሦስቱም ስሙን ይደብቃሉ። ሜዳው ይኸው ነው። መልስ ያልሰጠውን ፋብሪካና እርሻ ደግሞ ሦስቱም በቀይ ያሳያሉ፤ ባለቤቱ ምክንያቱን ጽፎ ሲያስገባ ቀዩ ይጠፋና አረንጓዴ ይበራል። በጉ እሱ ነው። ያንን የባለቤቱን ምክንያት ተቀብላችሁ በሪፖርቱ ላይ «ተጣርቷል» ብላችሁ በጻፋችሁ ቀን ሥጋውን ጎርሳችኋል። ስልኳን የተነጠቀች ሴት ጥያቄያችሁ አይደርሳትም። ያልመለሰችው ስለተመቻት ነው ብሎ የሚጽፍላችሁ ስልኳን የነጠቃት ሰው ነው።

ስለዚህ የትኛውንም ግዙ፤ ከፈለጋችሁ ርካሹን። ሻጩን ግን ሠራተኛዋን ራሷን ሳናገኝ ይህ ቀይ እንዳይጠፋ ማድረግ ይቻላል ወይ በይው። አለቃሽንም ጠይቂው፤ ቀይ ስናይ ሰው እንልካለን ወይስ ደብዳቤ? ተገድደው የሚሠሩትን ስናገኝስ እስኪለቀቁ እንቆያለን ወይስ ውላችንን ቀድደን እጃችንን ታጥበን እንሸሻለን? በዚህ ሲያመነታ ካየሽው አንዱንም አትግዙ። ቢያንስ የዚያች ባልቴት ጎረቤቶች በናንተ ቃል ተማምነው ጥጡን አያነሡም።

አንጓች ተገኘች ወይ ልትይኝ ነው። አልተገኘችም። የምትፈልጋት እናት መንገዱን አታውቀውም ነበር፤ መንገዱን የሚያውቀው ነጋዴ በልቶ ነው የሄደው። አንቺ መንገዱን ታውቂያለሽ ልጄ፤ ለቀማውም ገና አላለቀም።